ስደተኛው አልጋ ወራሽ በ40 ፈረሰኛ ከተማ እንዴት ይያዝ?

ደራሲ ነኝ ባይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በምናብ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አጎቱ አባቱን ገድሎ ዙፋኑን ሲነጥቅ የ19 ዓመቱ አልጋ ወራሽ 40 ፈረሰኛ አስከትሎ በረሃ አቋርጦ ያመልጣል። ምዕራፍ 3 ላይ የባዕድ ከተማ ይዞ ይነግሣል። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ "እሺ፣ ሰዉ ግን ለምን ይገዛለታል? የንጉሥ ልጅ ከሆነ እነሱን ምን አገባቸው?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። ወታደሩን ላብዛው እንዴ?

ካርታ ሠሪ፦ ወታደር ማብዛት አያድንህም፣ ጓደኛህ ልክ ናት። የሙስሊሙን ዓለም ይገዛ ከነበረው የኡመያ ቤት የተወለደውን ልዑል አብዱራህማንን እየው። እ.ኤ.አ. በ750 አባሲዶች የሚባሉት ተቀናቃኞች ሥልጣኑን ነጥቀው ቤተሰቡን ሲፈጁ ኤፍራጥስን ዋኝቶ አመለጠና ሰሜን አፍሪካ፣ ከእናቱ ወገኖች ከበርበሮቹ ዘንድ ተጠጋ። ከዚያም ዘሎ አንዳሉስ፣ ማለትም ሙስሊሞች የያዙት የስፔን ምድር፣ አልገባም። በድር የሚባል ታማኙን አስቀድሞ ላከ፤ ምክንያቱም እዚያ የቤተሰቡ ውለታ ያለባቸው የሶርያ ወታደሮች ሰፍረዋል፣ የአገሩ ሹማምንትም እርስ በርስ እየተባሉ ነው። በ755 ተሻገረ፣ በ756 ዋና ከተማዋን ኮርዶባን ያዘ። አንተም ከተማዋ ውስጥ ሁለት የተጣሉ ቤቶች አስገባ። ልጁን አንደኛው ወገን ራሱ ይጥራው።

ስንቅ ይቅደም፦ እሱስ ልክ ነው፣ ምዕራፍ 3 ላይ መንገሡ ግን አልተዋጠልኝም። ባቡር የሚባለው ልዑል፣ በኋላ ሕንድ ውስጥ የሙጋል መንግሥትን የመሠረተው፣ የመካከለኛው እስያዋን ከተማ ሳማርካንድን ተነጥቆ ሲንከራተት ኖሮ ካቡልን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1504 ነው። ሕንድ ውስጥ ፓኒፓት ላይ የዴልሂውን ሱልጣን ኢብራሂም ሎዲን የጣለው ደግሞ በ1526። 22 ዓመት! ያኔም ወደ 12,000 ሰው ይዞ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጦር ስለገጠመ፣ ጋሪዎቹን በጠፍር አስተሳስሮ ከኋላቸው ጠመንጃና መድፍ አሰልፎ ነው የጠበቀው። ያንተም ልጅ መጀመሪያ አንዲት ምሽግና አንድ የነጋዴ መንገድ ይያዝ። ቀረጥ ሳይሰበስብ ፈረሶቹ ምን ሊበሉ ነው?

ማግስቱ፦ የድሉን ማግስትም አትርሳ። ባቡር ካሸነፈ በኋላ ሰዎቹ በሙቀቱ ተማረው ካልተመለስን ብለው አስቸግረውታል። እሱም ራሱ ሜሎን (እንደ ሐብሐብ ያለ ፍሬ) መጥቶለት ቆርሶ ሲበላ በናፍቆት እንባው እንደመጣ ጽፏል። እኔ ብሆን ከውጊያው ይልቅ እዚያ ላይ ነበር ገጽ የማበዛው።

ደራሲ ነኝ ባይ፦ ምዕራፍ 3 ሊሰረዝ ነው ማለት ነው፣ ሁለት ወር የለፋሁበት 😭 ይሁን። ግን 40ዎቹ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳይከዱት እንዴት ይቆያሉ?

ካርታ ሠሪ፦ ይጠርጥሩት እንጂ! ከኮርዶባው ውጊያ በፊት ተከታዮቹ የአብዱራህማንን ምርጥ ፈረስ እያዩ "ነገር ሲከፋ በዚህ ፈርጥጦ ጥሎን ይሄዳል" እያሉ ያንሾካሽኩ ነበር ይባላል። ይሄን ሲሰማ ፈረሱን ሰጥቶ በቅሎ ላይ ወጣ።

ደራሲ ነኝ ባይ፦ ኧረ ይሄስ ተገኘ! የበቅሎዋን ታሪክ እንዳለ ብቀዳው ያስነቅፈኛል፣ የእኔው ልጅ አህያ ላይ ይወጣል። ዛሬ ማታ ከዚሁ ትዕይንት እጀምራለሁ።