ሹራብ፣ ዐረብኛና ታሪክ በአንድ ቀን፦ ቁጥሩ ለምን ይዛባብኛል?

ባለክሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሙሉ ነፃ ቀን አለኝ። ሻርፕ እየሠራሁ ዐረብኛ ማዳመጥ፣ መሐል ላይ ደግሞ የዐረቦችን ታሪክ ማንበብ ነው ሐሳቤ። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ 40 ቀለበት ጀምሬ ነበር፤ ትምህርቱን ሳዳምጥ 43 ይሆናል። ዳርና ዳሩም እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። መጽሐፉ ደግሞ ዓመቱን በሂጅራ፣ ማለትም በእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር ብቻ ነው የሚጽፈው። እንዴት ላድርግ?

መርፌና ማግ፦
እህቴ፣ ዐረብኛውን አትውቀሺው። ቀለበት የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ረድፍ ሲጀመር ነው። ሥራውን ገልብጠሽ ስትይዢ ክሩ በመርፌው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ከተሳበ፣ የመጀመሪያው ቀለበት ተወጥሮ ሁለት ይመስላል፤ አንቺም ሁለቱንም ትሠሪያቸዋለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ክሩ ከመርፌው ሥር ወደ ታች መንጠልጠሉን እዪ። የተጨመረው መሐል ላይ ከሆነና ቀዳዳ ካለው ግን ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ሳይሆን በመርፌው ላይ አዙረሽዋል ማለት ነው። በየ10 ቀለበቱ ቀለሙ የተለየ ክር ቋጥረሽ መርፌው ላይ አስገቢ፤ የተዛባው የትኛው ክፍል እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

መጠቅለሉ የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው እብጥ እብጥ ያለ አሠራር የጎኑ ዳር ወደ ጀርባ፣ የላይና የታቹ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የታጠፈው ክር ለመቃናት ሲታገል ሁለቱ ፊቶች እኩል አይስቡምና። በካውያ አትድከሚ፣ አክሪሊክ ከሆነማ ሙቀቱ ክሩን ያበላሸዋል። ለማዳመጫ ቀን ስትሄጂም ስትመለሺም ለስላሳውን ፊት የምትሠሪበትን አሠራር ብቻ ሥሪ። ሁለቱም ፊት እብጥ ይላል፣ አይጠቀለልም፣ ዓይንም ብዙ አይፈልግም።

ፊደል ቆጣሪ፦
አዲስ ትምህርት ከመርፌ ጋር አይሄድም። መጀመሪያ ጽሑፉን እያየሽ 15 ደቂቃ በባዶ እጅ አዳምጪ፤ ከዚያ ያንኑ ድምፅ ሦስት አራት ጊዜ እየሠራሽ ድገሚው። ጆሮ በብዛት የሚሳሳተው ከስም ፊት በሚገባው «አል» ላይ ነው። ከ28ቱ ፊደላት በ14ቱ ፊት «ል» ይዋጥና የሚከተለው ይጠብቃል፦ «አልሸምስ» (ፀሐይ) ተብሎ ተጽፎ «አሸምስ» ይባላል፣ «ሸ» ጠብቆ። «አልቀመር» (ጨረቃ) ግን እንደተጻፈው ነው። ቃላቱን በሥረ ፊደላቸው (እዚህ ክ-ት-ብ) ያዢ፦ ኪታብ መጽሐፍ፣ ካቲብ ጸሐፊ፣ መክተብ ቢሮ። ክታብን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ባዳ አይደለም። እግረ መንገዴን፣ ግብፆች ካልሲን «ሸራብ» ይሉታል፤ እኛም «የእግር ሹራብ» እንላለን።

የዘመን ቆጣሪ፦
ንባቡን ለብቻው አድርጊው፤ ሹራብ ይዞ ገጽ መግለጥ ሁለቱንም ያበላሻል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ የሂጅራ መነሻ የሆነውን 622 መደመር ብቻ አይበቃም። ዓመቱን በ0.97 አባዢና ከዚያ 622 ደምሪ። ባግዳድ በሞንጎሎች እጅ የወደቀችው በ656 ሂጅራ ነው፦ 636 ሲደመር 622፣ 1258 እ.ኤ.አ.። ዝም ብለሽ ብትደምሪ 1278 ይመጣል፣ የ20 ዓመት ስሕተት። ሂሳቡ ግምት ስለሆነ አንዳንዴ በአንድ ዓመት ሊስት ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከፈለግሽ ደግሞ 7 ወይም 8 ቀንሺ።

ባለክሯ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ቀለበት አምልጦ ስድስት ረድፍ ወርዷል፤ ሁሉን ልፍታው?

መርፌና ማግ፦
ኧረ አትፍቺ! ከመርፌሽ ቀጠን ያለ ኪሮሽ አምጪ። ያመለጠውን ቀለበት ከታች ያዢና ከላዩ እንደ መሰላል የተዘረጉትን ክሮች አንድ በአንድ ጎትተሽ አሳልፊ፣ ከታችኛው ጀምረሽ። ሁለቱም ፊት እብጥ ባለው አሠራር ግን አንዱን መሰላል ከፊት፣ ቀጣዩን ከጀርባ ነው የምታነሺው፤ ሁሉንም ከአንድ ወገን ካነሣሽ ለስላሳ መስመር ሆኖ ይታያል። መርፌው ላይ ስትመልሺው እንዳይጣመም እዪ።