የንስሐ ኑዛዜዬን በምን ቋንቋ ልናገር?

ሰላም ወንድሞቼና እኅቶቼ። ካቶሊክ ነኝ፤ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፣ አልፈው ልደት ታኅሣሥ 29 ሲከበር ነው የማውቀው። አሁን ዱባይ ሰው ቤት እሠራለሁ። የምሄድበት ቁምስና (ቤተ ክርስቲያን) የላቲን፣ ማለትም የሮማ፣ ሥርዓት ስለሆነ ልደትን የሚጠብቁባቸውን 4ቱን የዘመነ ምጽአት እሑዶች ይይዛል፤ በየእሑዱም አንድ ሻማ ይበራል፤ ልደቱም በእኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል።

እረፍቴ በየሁለት እሑዱ ነው። ባለፈው ሦስተኛዋ፣ ሮዟ ሻማ በርታ ደረስኩ፤ ሁለተኛዋን ሳላያት አለፈችኝ። ለንስሐ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ስንበረከክ ግን ቃል አጣሁ። እኔ የማውቀው የማድቤቱንና የገበያውን እንግሊዝኛ ነው፤ በልቤ ያለውን በእሱ እንዴት ልበለው? «ሶሪ ፋዘር» ብዬ እያለቀስኩ ተነሣሁ። አባ እንኳ በትዕግሥት ጠብቀውኝ ነበር።

በወረቀት አስተርጉሜ ባነብ ኑዛዜ ይሆናል? በአማርኛ ብናገርና ባይገባቸውስ? አማርኛ የሚሰሙ ካቶሊክ ካህን እዚህ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። የሚቀጥለው እረፍቴ የፈረንጆቹ ልደት ካለፈ በኋላ ነው፤ ለታኅሣሥ 29 ግን ይደርስልኛል። ያን ቀን እንደ አገሬ ልማድ ብይዘው ጥፋት አለው? ሳልናዘዝ መቁረብ አልፈልግም።