ስትሞቅ የማትነሳ አርኤክስ-8 ልሸጥ ነው፤ ምን ላድርግ?

ቀይዋ_ሮታሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2007 ማዝዳ አርኤክስ-8 አለችኝ፤ ቀይ፣ ማንዋል፣ 94,000 ማይል የሄደች። የምሸጣት ሁለተኛ ልጅ ስለመጣ ነው። የኋላ በሮች አሏት እንጂ የሕፃን ወንበር አስገብቶ ማሰር ወገብ ይቆርጣል።

ችግሯ ይሄ ነው። ጠዋት ቁልፉን ስታዞረው ወዲያው ትነሳለች። ከሞቀች በኋላ ነዳጅ ልቅዳ ብለህ ካጠፋሃት ግን ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ የለም። እስክትበርድ ቆመህ ትጠብቃለህ። ካንዴላ፣ ኮይል፣ ባትሪ፣ ሁሉም ተቀይሯል። ኮምፕሬሽኗ (ሞተሯ አየሩን አምቃ የመያዝ አቅሟ) እንደወረደ ገብቶኛል። ስትነዳት ግን ምንም አይታወቅባትም፤ 9,000 ዙር ድረስ ስትጮህ ነፍስ ትዘራለች።

6,000 ዶላር ብዬ ለጥፌያት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ የእኛው ልጅ ደወለ። የመጀመሪያ መኪናው ናት፣ ስለ ሮታሪ፣ ማለትም ስለ ሞተሯ ዓይነት፣ የሚያውቀው የለም፣ የሚጠይቀኝ ስለ ድምፅዋ ብቻ ነው። ቅዳሜ ይመጣል። ጓደኞቼ «በብርዷ አስነሳለት፣ አዙረው፣ ሳታጠፋት ብሩን ተቀበል፤ አዝ-ኢዝ (ባለችበት ሁኔታ፣ ያለ ዋስትና) ነው» ይሉኛል። ሕጉ ምን ይላል? ዋጋዋስ?

ኬላ_ሰባሪ፦
ምን አስጨነቀህ? ገዢ ዓይኑን ይክፈት። ካልሆነ ወደ አዲስ አበባ ጫናት፣ እዚያ በእጥፍ ትሄዳለች 😂

ሳሪስ_ነኝ፦
@ኬላ_ሰባሪ የት ልትገባ? በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ተከልክሏል እኮ። ደግሞ እዚህ ሮታሪ የሚከፍት ጋራዥ ፈልገህ አሳየኝ።

ጋሽ_መፍቻ፦
ሜሪላንድ ውስጥ በመካኒክነት የኖርኩ ነኝ፤ ይህን ሞተርም ከፍቼ አይቻለሁ። ልጄ፣ መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደምትሆን ልንገርህ። ፒስተን የላትም፣ ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው የሚሽከረከረው። ጫፎቹ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሲሎች (ማሸጊያዎች) ሲበሉ የታመቀው አየር ያመልጣል። ሞተሪኖ ሲያዞራት ዙሩ ቀርፋፋ ስለሆነ አየሩ ለማምለጥ ጊዜ አለው፤ ስትሞቅ ደግሞ ዘይቱ ቀጥኖ ክፍተቱን መድፈን ያቅተዋል። አንዴ ከተነሳች ዙሩ ስለሚፈጥን የሚያመልጠው አይሰማህም። እነዚያ ጓደኞችህ ይህን ባያውቁትም ዘዴያቸው የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራ ሞተሪኖ ግጠምላት የሚልህም አይጠፋም። ትነሳልሃለች፣ ሲሎቹ ግን ያው የተበሉት ናቸው።

ተራውን የኮምፕሬሽን መለኪያ አትመን፤ ከሦስቱ የሮተር ፊቶች የተሻለውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ለሮታሪ የተሠራው ከሁለቱ ሮተሮች ስድስት ቁጥር ያወጣል። የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክ በደቂቃ 250 ዙር ላይ 680 ኪሎፓስካል ነው። አስለካና ወረቀቱን ከነቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ ለጥፈው።

ዋስትና የሚባለውን እርሳው። ማዝዳ አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2008 ለወጡት የሞተሩን ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ ያንተዋ ማይሉ ቢቀራትም ዓመቱ አልፏል።

ስለ ሕጉ፣ ጠበቃ አይደለሁም። አዝ-ኢዝ ማለት «ከዚህ በኋላ ብትበላሽ የለሁበትም» ነው። እያወቅህ ደብቀህ፣ ሲጠይቅህ «ደህና ናት» ካልክ ግን ማታለል ይባላል፣ ወረቀቱ አያድንህም። ማወቅህን ደግሞ እዚሁ በራስህ እጅ ጽፈኸዋል። ሜሪላንድ በስሙ ሊያዞራት ሲል ኢንስፔክሽን ያስፈልገዋል፤ እነሱ የሚያዩት ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪ ነው፤ ኮምፕሬሽን አይለኩም። አልፋ ስትወጣ «ጤነኛ ናት» ብሎ ያምናል፣ ያ ነው የሚያሳዝነኝ።

6,000 አይታሰብም። የታደሰ ሞተር ከነማስገጠሚያው ከእሷ ዋጋ ይበልጣል። «ስትሞቅ አትነሳም፣ ሞተሯ መውረድ አለበት» ብለህ በ2,500 ለጥፍ። ማርሽ ሳጥኗን፣ ዲፈረንሻሏን የሚፈልግ ወይም ሌላ ሞተር ሊጭንባት ያሰበ ይደውላል። ሲመጣም አሙቀህ ጠብቀው፣ ፊቱ አጥፋት፣ ቁልፉን ስጠው። ያችኑ ዐረፍተ ነገር ሽያጭ ውሉ ላይ ጻፏትና ሁለታችሁም ፈርሙ።

የዳላሷ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው። እኔ የገዛሁት እንዲህ ተብሎ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ሻጩ ስድስቱን ቁጥር ስለላከልኝ ሳልከራከር ነው የከፈልኩት። ሞተር የምታወርድ ሰው ዋናዋ ጥያቄ ቻሲው ዝጓል ወይ ነው፤ ከሥር አንስተህ ለጥፋቸው።

ቀይዋ_ሮታሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማስታወቂያውን አውርጃለሁ፣ ለልጁም ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «በ2,500 ከሆነማ ዛሬውኑ ልምጣ፣ ሞተሩን ቀስ ብዬ አሠራዋለሁ» አለኝ። አሁን ምን ልበለው?

ጋሽ_መፍቻ፦
አትሽጥለት። 6,000ውን ይዞ ቢሆን እንኳ 2,500 ከፍሎ የሚተርፈው ለሞተሩ አይበቃውም። ኮሮላ ይግዛ።