የ12 ቀን ልጅ፦ የጡቴ ጫፍ ተሰንጥቋል፣ ሌሊቱም አልነጋ ብሎኛል

ጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ዛሬ 12 ቀኗ። ስትወለድ 3 ኪሎ ነበረች፣ በ5ኛው ቀን ስትመዘን 2 ኪሎ ከ800። ቀኑን ለጥ ብላ ትተኛና ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ በየሰዓቱ፣ አንዳንዴም ሰዓት ሳይሞላ ጡት ትላለች። የግራው ጫፍ ተሰንጥቆ ይደማል፤ ስትጎርሰው ጥርሴን ነክሼ ነው የምችለው። አማቴ «ወተትሽ ውሃ ሆኗል፣ አልጠገበችም፤ ሌሊት ሌሊት የላም ወተት ቀጥኖ በጡጦ ይሰጣት» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት ብላለች። ደሴ እንደምታውቁት ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ክፍሉን በከሰል እያሞቅን ነው የምናድረው። ከየት ልጀምር?

አዋላጅ ዘወልድያ

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ክብደቷን እንይ። ከ3 ኪሎ 200 ግራም መጉደል ከመቶ 7 አይሞላም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 ከመቶ የሚጎድል ልጅ አለ። ጥያቄው ተመልሳለች ወይ ነው። በ14ኛው ቀን ገደማ 3 ኪሎዋን መያዝ አለባት፣ ከዚያ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ትጨምራለች። ስለዚህ ነገ ጤና ጣቢያ አስመዝኛት፤ ልብሷ ወልቆ፣ በዚያው በፊቱ ሚዛን። ቤት ውስጥ ደግሞ ሽንቷን ቁጠሪ፦ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ነጣ ያለ። ሰገራዋ ቢጫና ለስላሳ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ፓምፐርስ ሽንቱን ስለሚመጠው ለቆጠራ አያመችም፤ ለአንድ ቀንና ሌሊት ጨርቅ አድርጊላት። ሽንቷ ካነሰ ወይም ከጠቆረ፣ ሰገራዋም እስካሁን ጥቁር ከሆነ፣ ወተቱ እየገባላት አይደለም፤ ቀጠሮ አትጠብቂ።

መሰንጠቁ በአብዛኛው የአያያዝ ነገር ነው። ጫፉን ብቻ ከጎረሰች በምላሷና በላንቃዋ መሃል ትፈጨዋለች። ምልክቱን ራስሽ ታይዋለሽ፦ ስትለቅሽ ጫፉ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ባንድ በኩል ሾሎ፣ አንዳንዴም ነጭ መስመር ይዞ ይወጣል።

ጀርባሽን ተደገፊ። ልጅቷን ወደ ጡቱ አምጪ እንጂ ጡቱን ወደ ልጅቷ አትጎትቺ። ሆዷ ከሆድሽ ይግጠም፤ ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ ባንድ መስመር ይሁኑ፤ አንገቷን አዙራ የምትጠባ ልጅ በደንብ መዋጥ ይቸግራታል። ከጡቱ ጫፍ ትይዩ የሚሆነው አፍንጫዋ ነው፣ አፏ አይደለም። በጫፉ የላይኛውን ከንፈሯን ነካ ነካ አድርጊና እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው እስክትከፍት ጠብቂ። ሁሉም የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ በግማሽ አፍ ያስይዛታል። ስትከፍት አገጯ ቀድሞ ጡቱን እንዲነካ አድርገሽ ቶሎ አስጠጊያት። ጡቱን የሚደግፉት ጣቶችሽ ከጥቁሩ ክብ ራቅ ይበሉ፤ እንደ መቀስ በሁለት ጣት መያዝ በደንብ እንዳትጎርስ ያደርጋታል።

በትክክል ከያዘች አገጯ ጡቱ ላይ ይለጠፋል፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጥቁሩ ክብ ከታች ይልቅ ከላይ ይታያል፣ ጉንጯም ሙሉ እንጂ የሰረጎደ አይሆንም። ጠባ ጠባ አድርጋ ዋጥ፣ ከዚያ አረፍ ትላለች። ምላሷ ጧ ጧ ካለ አየር እየገባ ነው። ከግማሽ ደቂቃ በኋላም ካመመሽ አትቻይው፦ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ በድዷ መሃል አስገብተሽ አስለቅቂና እንደገና አስይዣት። ዝም ብሎ መንጨት ነው ቁስሉን የሚያብሰው።

አጥብተሽ ስትጨርሺ ጥቂት ጠብታ ወተት አልበሽ ቁስሉን ቀቢና በአየር ይድረቅ። ሳሙናም አልኮልም አይንካው። ብዙም ባልታመመው ጀምሪ፤ ግራውን ግን አትተዪው፣ ያግታል። ከወተቱ ጋር የምትውጠው ትንሽ ደም አይጎዳትም፤ ትፋቷ ላይ ብታዪው አትደንግጪ። አያያዙ ተስተካክሎም ጡትሽ ውስጥ እንደ መርፌ ከወጋሽና አፏ ውስጥ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ እናትና ልጅ ባንድ ላይ ካልታከሙ ይመላለሳል። ምላሷ ሥር ያለው ክር አጥሮ ምላሷን ማውጣት እንዳይከለክላትም ባለሙያ ይይላት።

ባቲ ሰኞ

ስለ ሌሊቱ ልጽፍ ነበር፣ ግን ያ ከሰል! ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር ነው ሰው የሚዘናጋው፤ ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ክፍል እናትንም ልጅንም ሳይነቁ ይገድላል። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ውጭ ይውጣ። ለብርዱ ኮፍያና ካልሲ፣ ስታጠቢ ደግሞ ገላዋ ከገላሽ ተነካክቶ ጋቢው በጀርባዋ በኩል ይበቃል።

አሁን ወደ ሌሊቱ። በዚህ ዕድሜ ባንድ ጊዜ የምትጠባው የአንድ ቡና ሲኒ ያህል ቢሆን ነው፤ የእናት ወተት ደግሞ ቶሎ ይፈጫል። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ደንብ ነው፣ ወደ ምሽት ተደራርቦ መምጣቱም ያለ ነው። ወተት እንዲመረት የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን በሌሊት ይበልጣል። ሌሊቱን በጡጦ ተክተሽ ብትተኚ ጡቱ የሚፈለገው ቀንሷል ብሎ ምርቱን ይቀንሳል፤ ያኔ አማትሽ የፈሩት በእርግጥ ይመጣል።

የምታስተካክዪው ቀኑን ነው። ቀን ባንድ ጊዜ ከ3 ሰዓት በላይ አታስተኚያት፦ መጠቅለያዋን ፍቺ፣ ጨርቅ ቀይሪ፣ የእግሯን መዳፍ አሸት አሸት አድርጊ። መስኮቱ ይከፈት፣ አራስ ጠያቂውም ይንጫጫ። ሌሊት ግን ደብዛዛ መብራት፣ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ጨርቅ መቀየር ካለብሽ አንደኛውን ጡት ስትጨርስ፣ ሁለተኛውን ሳትጀምር ቀይሪ፤ በቅያሪው ትነቃና ሁለተኛውን በደንብ ትጠባለች፣ ከዚያ ሳትረበሽ ትተኛለች። አጥብቶ መጨረሻ ላይ መቀየር መልሶ ማንቃት ነው።

በጎን ተኝቶ ማጥባት ልመጂ፦ ትራስ ከራስሽ በታች፣ የታችኛው ክንድሽ ከራሷ በላይ፣ ልጅቷ በጎኗ ወዳንቺ ዞራ። ስትጨርስ በጀርባዋ፣ ለብቻዋ በሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ትተኛ፤ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ከፊቷ ይራቅ። ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ እያጠባሽ ማንቀላፋት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፣ ልጅ በመሃል ተንሸራቶ ይታፈናል።

ላንቺም በቀን ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልግሻል፤ አጥሚቱም ገንፎውም ሽሮውም ይሁን። አብሹን ከወደድሽው ጠጪ፣ ግን ወተት የሚጨምረው ጡቱ በታለበ ቁጥር እንጂ በአብሽ አይደለም። ቡናውን እስከ በረካ አትሂጂ፣ አቦሉ ይብቃሽ፤ የጨቅላ ሰውነት ካፌይንን ለማስወገድ ቀናት ይፈጅበታል። ጫት ጨርሶ ይቅር፣ ወደ ወተቱ ያልፋል።

ጦሳ ግርጌ

አላህ ይስጥልኝ፣ ከሰሉ ወጥቷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ደግሞ የቀኝ ጡቴ በብብቴ በኩል ጠጥሮ ቀላ ብሏል፣ ይሞቃል። ምች ነው ተባልኩ።

አዋላጅ ዘወልድያ

ምች ሳይሆን ወተት የተጠራቀመበት ቦታ ተቆጥቶ ነው። ዳማከሴ እየጠጣሽ ሁለት ቀን አትጠብቂ። በዚያ ጡት ማጥባትሽን ቀጥዪ፣ ለልጅቷ አይጎዳትም፤ ድንገት ማቆም ነው ወደ መግል የሚወስደው። አገጯ ወደ ጠጠረው በኩል እንዲዞር ይዘሽ አጥቢ። ከማጥባትሽ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ጨርቅ፣ ከጨረስሽ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። በጣቶችሽ ለስለስ አድርገሽ ዳብሺ፤ በጡጫ ማሸት ውስጡን ያቆስለዋል። የጠበበ ጡት መያዣ ካለ አውልቂው። በ24 ሰዓት ካልቀለለሽ፣ ወይም ትኩሳትሽ 38.5 ከደረሰና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የምታጠቢ መሆንሽን ንገሪና የሚታዘዝልሽን አንቲባዮቲክ ቢሻልሽም እስከ መጨረሻው ውሰጂ።

የሐይቅ ዳር

አማትሽን ላግዝሽ። «ውሃ ሆኗል» የሚሉት መጀመሪያ የሚወጣውን አይተው ነው፤ እሱ ተፈጥሮው ቀጭን ነው፣ ስቡ እየበዛ የሚመጣው ወደ መጨረሻው። ስለዚህ አንደኛውን ጡት ራሷ ስትለቀው ወደ ሌላው አዙሪያት። የላም ወተት ፕሮቲኑና ጨው መሰል ማዕድኑ ለጨቅላ ኩላሊት ይከብዳል፤ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ጉልበት የሚሰጣት ይሳሳል፣ ጡጦውም ተቅማጥ ያመጣል። እስከ 6 ወር ውሃም ቅቤም አያስፈልጋትም። እንጥል መቁረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ ነው ትርፉ፣ በጭራሽ እሺ አትበዪ። ጡት እምቢ ካለች፣ ከሰለለች፣ ትኩሳቷ 37.5 ከደረሰ ወይም ሰውነቷ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሿ በደቂቃ 60 ከሞላ፣ ወይም ቢጫነቷ መዳፏና እግሯ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ለእማማ ደግሞ ሥራ ስጫቸው፣ ዝም ብሎ እምቢ ማለት ቅያሜ ነው። ከጠባች በኋላ ትከሻቸው ላይ አድርገው ያስገሷት። ሕመሙ በጸናብሽ ሰዓት ደግሞ የገዛ ወተትሽን አልበሽ ይስጧት፦ ጠቋሚና አውራ ጣትሽን ከጥቁሩ ክብ ጀርባ አስቀምጠሽ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ ቆዳው ላይ አይንሸራተት። የታለበው ተከድኖ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። በጡጦ ሳይሆን ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ሲኒ ነው የሚሰጣት። እማማ ቀና አድርገው ያቅፏት፣ የሲኒው ጠርዝ የታችኛው ከንፈሯ ላይ ይረፍ፣ ወተቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብቻ ያዘንብሉት። አፏ ውስጥ አያፍስሱባት፤ እሷው ራሷ ትወስደዋለች።