ከጋምቤላ ጎዴ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለነገ ነው፣ አስቸኳይ!

የቱሉዲምቷ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ነገ ከጋምቤላ ጎዴ ይበራል፣ አዲስ ሥራ ሊጀምር። ኦሪጅናል ዲግሪው እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። ቦሌ ትራንዚት ሲያደርግ ላቀብለው ነበር። አሁን አንድ የርቀት ማስያ ሳይት ላይ ሳይ «1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ» ይላል። ቦሌ ሳያርፍ ሊያልፍ ነው እንዴ? እሱ በስልክ «10:20 እገባለሁ፣ 12:40 እነሳለሁ» ብሎኛል። አሁን ኔትወርክ የለውም። 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ላስፈቅድ ነው። እደርሳለሁ?

ሸገር 01፦
አየር መንገዱ ጋ ደውይ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ሳይቱ የሚለካው ቀጥታ የአየር መስመሩን ነው። ከጋምቤላ ጎዴ ወደ 1,020 ኪሎ ሜትር ነው። ያንን ለጄት ፍጥነት ያካፍልና መነሻና ማረፊያ ትንሽ ጨምሮ ይነግርሻል። በመስመሩ ላይ አውሮፕላን ይኑር አይኑር ጉዳዩ አይደለም። ጂንካና አርባ ምንጭን እዪ። በአየር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። በአዲስ አበባ ዞረሽ ብትበሪ ግን 800 ይጠጋል። የናንተ ደህና ነው። ጋምቤላ ቦሌ 475፣ ቦሌ ጎዴ 625 ገደማ፣ ድምሩ 1,100። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ቀኑን የሚበላው ቦሌ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው።

ባሮ ዳር፦
ከጋምቤላ ሙቀት አምልጦ ጎዴ? ጃኬት እንዳታቀብዪው ብቻ!

አቶ እንከን፦
እኔ ያልገባኝ፣ ኦሪጅናል ለምን ይዞራል? ኮፒ አረጋግጦ መውሰድ ነው። ኦሪጅናል ከቤት አይወጣም።

የቱሉዲምቷ፦
ኦሪጅናሉን ካላየን አንቀጥርም ብለውታል። ባካችሁ ሰዓቱን ንገሩኝ።

ሸገር 01፦
ደውይ አልኩሽ እኮ።

ነርሷ፦
ጎዴ መድረሻው ስንት ይላል?

የቱሉዲምቷ፦
14:05 ብሎኛል።

ነርሷ፦
እታለም፣ በኛ ሰዓት 14 የሚባል አለ? ትኬት ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 10:20 ማለት ከጠዋቱ 4:20 ነው። የሚነሳው ቀን 6:40። አንቺ 9 ሰዓት ስትወጪ እሱ ጎዴ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው። የሀገር ውስጡ ዳሽ 8 ኪው 400 ደግሞ ፕሮፔለር ነው፣ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሳይቱን ደቂቃ እርሺው።
አንቺ ወደ ውስጥ አትገቢም፣ እሱ ነው የሚወጣልሽ። ሻንጣውን ጋምቤላ ላይ እስከ ጎዴ ታግ ያስደርግ፣ ሁለቱንም ቦርዲንግ ፓስ እዚያው ይጠይቅ። ተመልሶ ሲገባ እንደገና ፍተሻ አለ። ስለዚህ ወሬ ሳታበዙ፣ በር ላይ ሰጥተሽው ሂጂ።

ሚኒባስ ነጂ፦
ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ አትውጪ፣ ጠዋት የጭነት መኪና ነው ሁሉ። በቂሊንጦ አድርገሽ በጎሮ ግቢ። 2 ሰዓት ላይ ከቤት ውጪ።

የቱሉዲምቷ፦
ውይ ጉዴ! ከጠዋቱ 4:20?! አለቃዬን አሁኑኑ ልደውልለት።

ሸገር 01፦
አየር መንገዱ ጋም ደውይ።

ባሮ ዳር (በማግስቱ)፦
6:40 አለፈ። ሰጠሽው?

አቶ እንከን፦
ኮፒ ነበር የሚሻለው።