የጋራ መደብራችን በምን ላይ ይሠራ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ወገኖች። ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናርመው። ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ማሩን፣ ጋቢውንና የቀርከሃ ሥራውን ባንድነት የምንሸጥበት ትልቅ የኦንላይን መደብር ልንከፍት ነው። በየትኛው ፕላትፎርም፣ ማለትም በየትኛው የመደብር መሥሪያ ሶፍትዌር? እስካሁን የተነሱት ሾፒፋይ፣ ማጀንቶ እና ዉኮሜርስ ናቸው። የእኔ ረቂቅ ሾፒፋይን ይመርጣል። ሰርቨር፣ መደብሩ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ መከራየት አይጠበቅብንም። ጥገናው የእነሱ ነው። ለፋሲካ ገዢ ሲጎርፍም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያልተስማማችሁ ተናገሩ።

ገንዘብ ያዥ (ባሕር ዳር)፦
ጸሐፊያችን፣ እግዜር ይስጥልን፣ ብዙ ደክመህበታል። በዚህ ግን አልስማማም። የሾፒፋይ ኪራይ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ መወሰን ሲጀምር ብር ምን እንደደረሰበት ሁላችንም አይተናል። በብር እየሸጥን የዶላር ወርኃዊ ዕዳ ለምን እንገባለን?

ሌላም አለ። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በሌላ ድርጅት በኩል ስናስከፍል ደግሞ «ቤዚክ» በሚባለው ጥቅል ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይቆርጥብናል። የክፍያ ድርጅቱ የሚወስደው ኮሚሽን ሳይቆጠር ነው ይሄ። ጤፍ ላይ ያለንን ትርፍ የምታውቁ አስሉት።

የኮምፒውተር ባለሙያ አባል (ዳንግላ)፦
ገንዘብ ያዧ እውነቷን ነው። ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ልጨምር።

ማጀንቶ ለትልቅ መደብር የተሠራ ነው። አዶቤ በ2018 እ.ኤ.አ. በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ በነፃ የሚወርድ ዓይነትም አለው። የሚያስቀናኝ አንድ ነገር አለው፤ በየመጋዘኑ ያለውን ክምችት ለየብቻ ይቆጥራል፣ ሌላ ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫንበት ቅጥያ) አያስፈልገውም። በርበሬው ቡሬ፣ ጤፉ ደጀን፣ ቀርከሃው እንጅባራ ለተቀመጠ ማኅበር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከባድ ነው። ለዕቃ ፍለጋው ብቻ ሌላ ሶፍትዌር አብሮ መጫን አለበት። ጠንካራ ሰርቨርና ደመወዝተኛ ባለሙያ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ማጀንቶ ድጋፉ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ሲቋረጥ፣ ወደ ሁለተኛው የተሻገሩት ነጋዴዎች መደብራቸውን ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ነው የሠሩት። እኛ እንዲህ ያለ ወጪ አንችልም።

ዉኮሜርስ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫን ነፃ ፕለጊን ነው። ዎርድፕረስ የሚነካካ ልጅ ማርቆስም ባሕር ዳርም አይጠፋም፤ ሲበላሽ የሚደርስልን ሰው አለ ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። «ትልቅ መደብር አይችልም» የሚባለው ድሮ ምክንያት ነበረው። ትዕዛዞችን ከተራ ጽሑፎች ጋር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ያጭቃቸው ነበር። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ግን በአዲስ መደብር ላይ ትዕዛዝ የራሱ ሰንጠረዥ አለው። የክፍያ ድርጅቱ ቻፓም ለዉኮሜርስ ያዘጋጀው ፕለጊን አለ፤ በእሱ በኩል ገዢው በቴሌብር ይከፍላል።

ጉድለቱን አልደብቅም። የብዙ መጋዘን ክምችት አብሮት አይመጣም፣ ተጨማሪ ፕለጊን እንገዛለን። ባካፑም (የመረጃውን ቅጂ መያዙ) ደኅንነቱም በእኛ ትከሻ ላይ ነው።

የበርበሬ አቅራቢዎች ተወካይ (ቡሬ)፦
ልጆቼ፣ የምትሉት ገብቶኛል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን ከርመናል። ያኔ ይሄ መደብር ቢኖረን አዲስ አበባ ያለው ገዢ ያዝዛል፣ ቡሬ ያለነው ማዘዙን አናውቅም። ስለዚህ በስልክ የሚደወልለት፣ ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስገባና ለእኛም የሚነግር ሰው ይኑር። ክፍያውም ያለ ዳታ በቴሌብር *127# ይሁን። ይሄ ካልተጻፈ እኛ አንፈርምም።

ደግሞ ዛላው፣ ድልሁና የተፈጨው እየተለዩ ይመዝገቡ። እኛ ጋ ዛላው አልቆ መደብሩ «አለ» እያለ ገንዘብ ቢቀበል የሚሰደበው አቅራቢው ነው።

የቀርከሃ ሥራ ማኅበር (እንጅባራ)፦
እማማ ያሉት ይጻፍ። ከእኛ በኩል አንድ ነገር ብቻ። የማጓጓዣ ዋጋ በኪሎ ብቻ አይታሰብ። የቀርከሃ ወንበር ክብደት የለውም፣ አይሱዙ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ብዙ ነው።

ጸሐፊ (ደብረ ማርቆስ)፦
አሳምናችሁኛል። ሾፒፋይን አውጥቻለሁ። የታረመው እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበሩ የጋራ መደብሩን በዉኮሜርስ ይሠራል። ክፍያ በብር ይሆናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ አንድ መለያ ኮድ ይሰጠዋል፤ ኮዱ በሁሉም መጋዘን አንድ ዓይነት ይሆናል። በየመጋዘኑ ቆጠራ የሚያስገባ አንድ ሰው ይመደባል። ደብረ ማርቆስ ላይ በስልክ ትዕዛዝ የሚቀበል ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ዳታ ሲቋረጥ ለአቅራቢዎች የሚያሳውቀውና ክፍያ በ*127# የሚያስፈጽመው እሱ ነው። ማጓጓዣ በክብደትም በሚይዘው ቦታም ይሰላል።»

የኮምፒውተር ባለሙያ አባል (ዳንግላ)፦
ዋናው ቀርቷል። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) እና የሆስቲንጉ (የሰርቨር ኪራዩ) አካውንት በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ በእኔም ሆነ በሌላ ባለሙያ ስም አይሁን። የይለፍ ቃሉ ከሁለት የሥራ አመራር አባላት ጋር ይቀመጥ። የዕቃው፣ የገዢውና የትዕዛዙ መረጃም በየሳምንቱ ወርዶ ከሰርቨሩ ውጭ ይያዝ። ነገ ፕላትፎርም እንቀይር ብንል ይዘነው የምንሄደው እሱን ነው።

ገንዘብ ያዥ (ባሕር ዳር)፦
ይግባ። የሆስቲንግ ዋጋ ከአገር ውስጥ አቅራቢዎች በብር እንዲሰጡን እጠይቃለሁ። የስልክ ሠራተኛውን ደመወዝም በበጀቱ ላይ አስገባለሁ፤ እማማ ያለዚያ አይፈርሙም።

የበርበሬ አቅራቢዎች ተወካይ (ቡሬ)፦
እሱ ከገባ እፈርማለሁ። የበርበሬውን ዝርዝር ልጄ ጽፋ እስከ ዓርብ ትልካለች።