ክርክር፦ ሕንድ ሙሉ ነጻነት መጠየቋ ትክክል ነበር?

ጥያቄው፦ እንግሊዝ በሕንድ ሐዲድ ዘርግታለች፣ ፍርድ ቤትና ዩኒቨርሲቲ አቋቁማለች። ታዲያ በዘውዱ ሥር ሆኖ ራስን ማስተዳደር አይበቃም ነበር? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው፦ ይበቃ ነበር እላለሁ። ካናዳና አውስትራሊያ ያለ ጦርነት፣ ቀስ በቀስ ነው የወጡት። ሕንድ ግን በ1947 ተቻኩላ ወጣች። ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ በተደረገው ክፍፍል ስንት መቶ ሺህ ሰው አለቀ!

ሁለተኛዋ፦ ወንድሜ፣ የካናዳው ምሳሌ አያስኬድም። እዚያ ሥልጣኑን የተረከቡት ከአውሮፓ የሄዱ ሰፋሪዎች ናቸው። ሕንዶችም እኮ ያንኑ ለረጅም ጊዜ ጠይቀዋል! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ባሕር ተሻግረው ለእንግሊዝ ዘመቱ። ጦርነቱ ሲያልቅ የጠበቃቸው ሰውን ያለ ችሎት የሚያሳስረው የሮውላት ሕግ ነው። አፕሪል 13 ቀን 1919 አምሪትሳር ላይ፣ ዙሪያው በታጠረ ሜዳ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ተተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው 379 ሟች ነው። የነጻነት ትግሉን የመራው ፓርቲ፣ ኮንግረስ፣ ላሆር ላይ ተሰብስቦ «ሙሉ ነጻነት» ያለው በ1929 መጨረሻ ነው። ትንሹን ጠይቆ ከተነፈገ በኋላ ማለት ነው።

ሦስተኛው፦ የሐዲዱን እኔ ልመልስ። የመጀመሪያዎቹን የሰሩት የእንግሊዝ ኩባንያዎች ናቸው። 5 በመቶ ትርፍ ዋስትና ተሰጥቷቸው ነበር። ትርፉ ሲጎድል የሚሞላው ከሕንዳዊው ግብር ነው። ስጦታ የምትሉትን የከፈለው ተቀባዩ ራሱ ነው። ጨውም እንዲሁ ነበር። ሰው ከገዛ ባሕሩ ዳር ጨው ቢያነሳ ወንጀለኛ ይባላል። ጋንዲ በ1930 እስከ ባሕር ዳሯ መንደር ዳንዲ 24 ቀን በእግሩ የሄደው ለዚህ ነው።

አንደኛው፦ የሐዲዱን እቀበላለሁ። የክፍፍሉን ግን አልመለሳችሁልኝም።

ሁለተኛዋ፦ እመልሳለሁ፣ እሱ እኔንም ያመኛል። ሙስሊሙ ለብቻው እንዲመርጥ አድርጎ መራጩን በሃይማኖት የለየው የ1909 የእንግሊዝ ሕግ ነው። ሎንደን እስከ ጁን 1948 እወጣለሁ ብላ ነበር። ቀኑን ወደ ኦገስት 1947 ያመጣው የመጨረሻው ቫይስሮይ (የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ) ማውንትባተን ነው። ድንበሩን ያሰመረው እንግሊዛዊ ጠበቃ ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጧት አያውቅም። የተሰጠው ጊዜም አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። መስመሩ ለሕዝብ የተነገረው ደግሞ ነጻነት በሆነ በሁለተኛው ቀን ነው! ድንበር ላይ ያለው ሰው በየትኛው አገር እንዳለ ሳያውቅ ነጻነቱን አከበረ። ችኮላው የነጻነት ጠያቂዎቹ አልነበረም።

አንደኛው፦ እሺ። የኮንግረስና ፓኪስታን ትቋቋም ያለው የሙስሊም ሊግ መሪዎች፣ ሕንድ ሳትከፈል እንድትቆይ በ1946 በቀረበው የአንድነት ዕቅድ አለመስማማታቸውስ?

ሦስተኛው፦ አጥፍተዋል፣ አልክድም። ግን የራስህ መሪ ሲያጠፋ ታወርደዋለህ። ሕንዶች በ1977 ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ኢንዲራ ጋንዲን በድምጻቸው አውርደዋል። ቫይስሮይ ሊንሊትጎው በ1939 አንድም የሕንድ መሪ ሳያማክር አገሪቱን ጦርነት ውስጥ ሲከትስ፣ እሱን በምን ያውርዱት?